ስለቱ ለሥራ ወይስ ለጠብ? ቢላዋ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነገሌ ቦረና የደጋው ምርትና የቆላው ከብት የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከሻሸመኔ ተነስቶ በአዶላ በኩል የሚመጣው መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ ያመራል። በገበያ ቀን ከሊበንና ከአካባቢው የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን፣ ግመሎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን እየነዱ ይገቡባታል። በእጃቸው በትር፣ በወገባቸው ወይም በኪሳቸው ደግሞ ቢላዋ መያዝ ለብዙዎቹ የተለመደ ነው።

ለአርብቶ አደሩ ይህ ቢላዋ እንደ ገመዱና እንደ በትሩ የዕለት ሥራው መሣሪያ ነው። ወደ ከተማ ሲገባ ግን ትርጉሙ ይለወጣል። ለገበያተኛው፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪው፣ ለፍርድ ቤትና ለሆስፒታል የጥበቃ ሠራተኛ በሰው ወገብ ላይ የሚታይ ስለት በቅድሚያ የሚያስታውሰው ሥራን ሳይሆን ጠብን ነው።

ሁለቱም አመለካከቶች በቂ መነሻ አላቸው። አንዱን ብቻ መሠረት አድርጎ የሚወጣ ደንብ ወይ አርብቶ አደሩን ያለ ሥራ መሣሪያ ያስቀረዋል፣ ወይም የከተማውን ነዋሪ ለአደጋ ያጋልጠዋል። በመሆኑም በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በቡሌ ሆራና በሌሎች የአካባቢው ከተሞች ቢላዋ መያዝ የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ የኑሮም የሰላምም ጉዳይ ነው።

የአርብቶ አደሩ የዕለት መሣሪያ

በቦረና፣ በጉጂና በአጎራባቹ የሶማሌ አካባቢ የሚኖር አርብቶ አደር ከብቶቹን ተከትሎ ለሰዓታት፣ በድርቅ ወቅት ደግሞ ለሳምንታት ከመንደሩ ይርቃል። በዚህ ጉዞ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ መሄድ ስለማይችል ለብዙ ሥራ የሚውል ቀላል መሣሪያ ይመርጣል። ቢላዋ ይህን መስፈርት ያሟላል።

በቢላዋው የጥጃ ማሰሪያና የግመል ጭነት ገመድ ይቆርጣል፤ በእሾህ ቁጥቋጦ የተያዘችን ፍየል ያላቅቃል፤ መፋቂያ ቆርጦ ይልጣል። የጎሳ መለያ የሆነውን ምልክት በከብቱ ጆሮ ላይ ያወጣል። ሣር ሲጠፋ ከዛፍ ቅጠል መልምሎ ለእንስሳቱ ይሰጣል። ከብት ታሞ ወይም ተጎድቶ የማይድን መሆኑ ሲታወቅ ሳይሞት አርዶ ሥጋውን ለመጠቀም የሚችለው ቢላዋው በእጁ ሲኖር ብቻ ነው።

ቢላዋ የወንዶች ብቻ መሣሪያ አይደለም። በቦረና ባህል ቤት የሚሠሩት ሴቶች በመሆናቸው ለማገር የሚሆነውን ጭራሮና ለማሰሪያ የሚሆነውን ልጥ የሚቆርጡት እነርሱ ናቸው። ለወተት ዕቃ ማጠኛ የሚውለውን እንጨት የሚያዘጋጁትም እንዲሁ።

በአካባቢው የሚሰበሰበው ሙጫ፣ ዕጣንና ከርቤም ከዚሁ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የዕጣን ዛፍ ሆን ተብሎ በስለት እየተፋቀ እንዲደማ ይደረጋል። በደቡቡ ቆላ ግን ምርቱ በአብዛኛው ዛፉ በተፈጥሮ የሚያወጣው በመሆኑ ሰብሳቢው በግንዱ ላይ የደረቀውን ሙጫ ማላቀቅ ብቻ ይጠበቅበታል። ለዚህ አነስተኛ ስለት ይበቃዋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአጎራባች አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው ከፍተኛ ቁጥር ያለው ከብት አልቋል። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ እንስሳውን ከመሞቱ በፊት አርዶ ሥጋውንና ቆዳውን ማትረፍ ለቤተሰቡ የመጨረሻ ገቢ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቤተሰብ የቢላዋ መኖርና አለመኖር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የቢላዋው ዓይነትም በገቢ ላይ ለውጥ ያመጣል። የቆዳና ሌጦ ጥራትን ከሚቀንሱ ምክንያቶች አንዱ በገፈፋ ወቅት የሚደርስ የቢላዋ ጭረትና ቀዳዳ ነው። ጫፉ የሾለ ቀጥ ያለ ቢላዋ ቆዳውን ለመሰንጠቅ ይመቻል፤ ለመግፈፍ ግን አይመከርም። ለገፈፋ የሚመረጠው ስለቱ የጎበጠ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ቢላዋ ነው። ጫፉ ያልሾለ ቢላዋ ሰውን ለመውጋትም ስለማይመች ለጥራት የሚጠቅመው ምክር ለደኅንነትም የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል።

ከነገሌ ቦረና በስተምዕራብ ርቆ በሚገኘው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በኛንጋቶሞች፣ ከድንበር ማዶ ደግሞ በኬንያ ቱርካናዎች ዘንድ በእጅ አንጓ ላይ እንደ አምባር የሚጠለቅ ክብ ቢላዋ ይታወቃል። ሥጋ ለመቁረጥና ለሌላም ሥራ የሚያገለግለው ይህ ቢላዋ በማይሠራበት ጊዜ ስለቱ ዙሪያውን በቆዳ ይሸፈናል። ለጠብም ሊውል መቻሉ የታወቀ በመሆኑ ሽፋኑ የለበሰውንም በአጠገቡ ያለውንም ይጠብቃል።

አንድ ስለት፣ ብዙ ስም

ኅብረተሰቡ ስለ ቢላዋ ያለውን አመለካከት ቋንቋው ራሱ ያሳያል። በአማርኛ ቢላዋ የሚለው ስም የማዕድ ቤቱንና የሥራውን መሣሪያ ያመለክታል። ካራ ሲባል የማረጃው ስለት ወደ አእምሮ ይመጣል። ገጀራና ቆንጨራ ለምንጣሮና ለእንጨት ሥራ የሚውሉ ናቸው። ጩቤ ደግሞ ለመውጋት የተሠራውን የሚያመለክት በመሆኑ ስሙ ሲጠራ ጠብ ይታሰባል።

በእነዚህ መካከል አስቸጋሪው ስም ሰንጢ ነው። ሰንጢ ታጣፊ የኪስ ቢላዋ ነው። ብርቱካን ይላጥበታል፣ እርሳስ ይቀረጽበታል፣ ሲባጎ ይቆረጥበታል። ሲታጠፍ ስለቱ በእጀታው ውስጥ ስለሚሸሸግ ለያዡ ከሌሎቹ ቢላዋዎች የተሻለ ደኅንነት አለው። ይሁንና በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ሰንጢ የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ኪስና ቦርሳ የሚቀድን ሌባ ነው። በዕቃው ጠቀሜታና በስሙ መካከል ሰፊ ልዩነት ተፈጥሯል።

ሁለት ወገን ይዞ ከሁለቱም የሚጠቀምን ሰው ሕዝቡ «በሁለት ቢላዋ የሚበላ» ይለዋል። አነጋገሩ የሚነቅፈው ቢላዋውን ሳይሆን የያዡን ጠባይ ነው። የፖሊስ መግለጫዎች በበኩላቸው ቢላዋን፣ ገጀራንና የመሳሰሉትን «ድምፅ አልባ መሣሪያ» በሚል የወል ስም ይጠሯቸዋል። ይህ አጠራር ለጸጥታ ሥራ አመቺ ቢሆንም የሥራውን ቢላዋና ለጠብ የተዘጋጀውን ስለት በአንድ መደብ ያስቀምጣል።

ከስለቱ በፊት ስለቱን የሚሠራው ሰውም የተዛባ አመለካከት ሰለባ ሆኖ ኖሯል። በቦረና ቱምቱ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮች፣ በኮንሶና በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም ባለእጆች ከሌላው ማኅበረሰብ በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ተለይተው እንዲታዩ ተደርጓል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። በምርቱ እየተጠቀሙ አምራቹን መናቅ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የኖረ ተቃርኖ ነው።

ቦታው የሚሰጠው ትርጉም

አንድ ስለት አስፈሪ ወይም ተራ ዕቃ የሚሆነው በአብዛኛው በሚታይበት ቦታ ነው። ለዚህ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው የቁርጥ ሥጋ ቤት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ቁርጥ ለመብላት የተቀመጠ ተስተናጋጅ ሁሉ በእጁ በሚገባ የተሳለ ቢላዋ ይሰጠዋል። የማይተዋወቁ ሰዎች ስለታም ቢላዋ ይዘው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚሰጋ የለም፤ ቢላዋው ለምን እንደመጣ ሁሉም ያውቃልና። ያው ቢላዋ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ቢታይ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ይደነግጣል።

በከተሞች ያለው ሥጋት ያለ ምክንያት አልመጣም። በደቡቡ ቆላና በአጎራባች አካባቢዎች በግጦሽ፣ በውሃና በአስተዳደር ወሰን የተነሡ ግጭቶች በተደጋጋሚ ተከስተዋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተፈጠረው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መፈናቀሉ ይታወሳል። በዚያው ዓመት በሞያሌም የሰው ሕይወት የጠፋባቸው ግጭቶች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ጊዜ ያሳለፈ ነዋሪ በማያውቀው ሰው ወገብ ላይ ስለት ሲያይ ቢሰጋ የሚያስገርም አይደለም።

በሌላ በኩል በ1983 ዓ.ም. ከደርግ መንግሥት መውደቅና ከሶማሊያ መንግሥት መፍረስ ወዲህ በአካባቢው ግጭቶችን ይበልጥ ገዳይ ያደረገው የአውቶማቲክ ጠመንጃ መስፋፋት ነው። ቢላዋ የብሔረሰብ ግጭት መንሥኤ ወይም ዋና መሣሪያ ሆኖ አይታይም። አደጋው ይበልጥ የሚጎላው በገበያ፣ በመጠጥ ቤትና በመንገድ ላይ በድንገት በሚነሣ ጠብ ነው። በዚያ ቅጽበት ቢላዋ ባይኖር በቡጢ ወይም በዱላ ሊያበቃ የሚችለው ግጭት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ከማዕድ ቤት ቢላዋ ያነሰ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም ስለት እንኳ አንገት፣ ደረት ወይም ብሽሽት ላይ ከዋለ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ በደም መፍሰስ ሊገድል ይችላል። የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ርቆ በሚገኝባቸው ቆላማ አካባቢዎች ይህ አደጋ ይጨምራል። በስለት የተወጋ ሰው ሲያጋጥም በቁስሉ ውስጥ የቀረውን ስለት አለመንቀል፣ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ተጎጂውን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚመዝነው

በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአካልና በሕይወት ላይ የሚደርስን ጉዳት ሲመዝን የሚያተኩረው በአድራጊው ሐሳብ፣ በአፈጻጸሙና በውጤቱ ላይ ነው። አንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት በጦር መሣሪያ ወይም ጉዳት ለማድረስ በሚችል በማናቸውም ሌላ መሣሪያ ሲፈጸም ጉዳዩን ያከብደዋል። በዚህ ረገድ ለሥራ የተያዘ ቢላዋና ለጠብ የተያዘ ጩቤ ልዩነት የላቸውም፤ ሰው ላይ ከዋሉ ሁለቱም የወንጀል መሣሪያ ይሆናሉ።

አንቀጽ 555 በሚመለከተው ከባድ የአካል ጉዳት ጥፋተኛ የሆነ ሰው እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። አንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። በቅጽበት ንዴት የተመዘዘ ቢላዋ የተወጋውን ብቻ ሳይሆን የወጊውንም ቤተሰብ የሚጎዳ መሆኑን እነዚህ ድንጋጌዎች ያሳያሉ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ጠመንጃና ሽጉጥ በፈቃድ የሚያዙበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ከዚህ ሌላ በትልልቅ ሃይማኖታዊና ሕዝባዊ በዓላት ወቅት ፖሊስ ሕዝቡ ስለታም ነገሮችን ይዞ እንዳይመጣ ያሳስባል፣ በመግቢያዎች ላይም ፍተሻ ያደርጋል። የእነዚህ ማሳሰቢያዎች ዓላማ ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰብበትን ቦታ መጠበቅ ነው። በግጦሽ መሬት ላይ ከብቱን የሚጠብቀውን ሰው ቢላዋ የሚመለከቱ ተደርገው መወሰድ አይኖርባቸውም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ቢላዋን ከመሣሪያነትና ከጦርነት ለይቶ ማየት ለሌሎችም አገሮች ቀላል አልሆነም። ስዊዘርላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 የባለቤትነት መብት በተሰጠው ታጣፊ ቢላዋዋ በዓለም ትታወቃለች። ይህ የኪስ ቢላዋ መነሻው የወታደር ዕቃ ቢሆንም ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታየው እንደ መንገደኛና እንደ ባለሙያ መሣሪያ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 የወጣው ሕግ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ የኪስ ቢላዋን በአደባባይ መያዝን አይከለክልም። ከዚያ የሚበልጠውን የያዘ ሰው በቂ ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሕጉ በምክንያትነት ከሚቀበላቸው መካከል ሥራ፣ ሃይማኖትና ብሔራዊ አለባበስ ይገኛሉ።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 አንድ የሲክ እምነት ተከታይ ተማሪ ኪርፓን የተባለውን የእምነቱን ቢላዋ ይዞ ትምህርት ቤት እንዳይገባ የተጣለበትን ፍጹም ክልከላ ውድቅ አድርጓል። ተማሪው ቢላዋውን እንዲይዝ የሚፈቀድለት በሰገባው ሆኖ በልብሱ ውስጥ ተሰፍቶ ሲቀመጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ክልከላንና ልቅነትን ትቶ የአያያዝ ሁኔታን መረጠ።

በአሜሪካ የአየር ማረፊያዎች ግን ውጤቱ የተለየ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 2001 ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ቢላዋ ወደ መንገደኞች ክፍል እንዳይገባ ተከለከለ። በ2013 የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ6 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ ትናንሽ ቢላዋዎችን ለመፍቀድ አቅዶ የነበረ ቢሆንም የበረራ ሠራተኞችና ሌሎች አካላት አጥብቀው በመቃወማቸው ዕቅዱን ሰርዟል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ደንቡ ከስለቱ መጠን ባልተናነሰ በቦታውና በአያያዙ ላይ እንደሚመሠረት ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው የሥራ ቢላዋ

ቢላዋ ጠብ ባይኖርም እንኳ አደጋ አለው። ለእንስሳት ሥራ የዋለ ስለት ሳይጸዳ የሰው አካል ቢቆርጥ መንጋጋ ቆልፍን ለመሰለ በሽታ ሊያጋልጥ ይችላል። አባ ሰንጋ በሚባለው በሽታ የሞተ ወይም እንደሞተ የሚጠረጠር እንስሳ በምንም ዓይነት በቢላዋ መከፈት የለበትም። በድኑ ሲከፈት ተሕዋሲው ወደ አየርና ወደ አፈር ይሠራጫል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ሲፈጠር ቢላዋውን በሰገባው ትቶ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።

በአንድ ስለት ብዙ ሰዎችን መቁረጥም በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች፣ ኤች አይ ቪን ጨምሮ፣ መንገድ ይከፍታል። እንጥል ማስቆረጥና የሴት ልጅ ግርዛት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የሴት ልጅ ግርዛት በወንጀል ሕጉም የተከለከለ ነው።

ከባህሉ የሚገኝ መፍትሔ

የቦረና ሕዝብ መሣሪያንና ሰላምን ለይቶ የማስቀመጥ የቆየ ልምድ አለው። «ናጋ ቦረና»፣ ማለትም የቦረና ሰላም፣ በሕዝቡ የእርስ በርስ ግንኙነት ውስጥ ማዕከላዊ ቦታ የያዘ ጽንሰ ሐሳብ ነው። በገዳ ሥርዓት ከፍተኛ ክብር ያላቸው የሃይማኖት መሪዎች፣ ቃሉዎች፣ የጦር መሣሪያ እንዳይዙ ሥርዓቱ ያዝዛል። ሰው ሲጎዳ ወይም ሲገደል ደግሞ በጉማ ሥርዓት ካሳ ተከፍሎ ዕርቅ ይወርዳል። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት መሣሪያ መያዝ ለማን፣ የትና መቼ እንደሚገባ መወሰን ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ነገር አለመሆኑን ያሳያል።

ይህን ልምድ ወደ ከተማው ሕይወት ማምጣት ይቻላል። በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ቢላዋ በቁጥር ተረክቦ ባለቤቱ ሲወጣ የሚመልስ አሠራር ቢኖር አርብቶ አደሩ የሥራ መሣሪያውን ሳያጣ ቦታው ከስጋት ነጻ ይሆናል። በአውቶቡስ ላይ ቢላዋው ከሰው እጅ ርቆ ከጭነት ጋር ሊጓዝ ይችላል። በእንስሳት ገበያ በሰገባ ሆኖ ከልብስ ሥር ቢያዝ፣ በመጠጥ ቤት ግን ጨርሶ ባይገባ ተገቢውን ሚዛን ይጠብቃል።

እንዲህ ያለው ደንብ ፍሬ የሚኖረው አባ ገዳዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ ፖሊስና የከተማ አስተዳደሮች በጋራ ሲመክሩበትና በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ለገበያተኛው በግልጽ ሲነገር ነው። ደንቡን ሳያውቅ የመጣ አርብቶ አደር በፍተሻ ቢላዋው ያለ ምንም ማብራሪያ ቢወሰድበት የሚያጣው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከተማውን የራሱ አድርጎ የማየት ስሜቱም ይቀንሳል። አርብቶ አደሩም በበኩሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ስለቱን ከዓይን ማራቅ ለጎረቤቱ የሚሰጠው አክብሮት መሆኑን መገንዘብ ይጠበቅበታል።

በገበያው ማብቂያ ወደ ሊበን የሚመለሰው አርብቶ አደር መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ቢላዋ ጠዋት ይዞት የመጣው ነው። ቢላዋው ከሰገባው ሳይወጣ ውሎ በሰላም አብሮት ከተመለሰ ከተማውም አርብቶ አደሩም የሚፈልጉትን አግኝተዋል።